ጥሬ ሥጋ፣ ቀይ ክርና የእኔ ድድ

ጥርሱን የማይቦርሽ ሰው ነው ብላችሁ እንዳትገምቱኝ። እቦርሻለሁ፣ ያውም እንዴት። ጠዋት ቢሮ ልወጣ ስል፣ ፊት ለፊት ያሉትን፣ ስስቅ የሚታዩትን፣ ጥርሶቼን እንደ ጫማ ነበር የማብሰው። ከኋላ ያሉትን አልነካም። ማን ያያቸዋል? መንጋጋ እኮ የጓዳ ሠራተኛ ነው፤ እንግዳ ፊት አይቀርብም።

ብሩሼም የዋዛ አልነበረም። ሱቅ ስገባ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ሞክሬ፣ እምቢ ብሎ የማይታጠፈውን ነበር የምመርጠው። ለስላሳው የሕፃናት ነው ብዬ ንቄዋለሁ። በዚያ ብሩሽ አልጌ የያዘው ጀሪካን የማጥብ ይመስል ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ፈትጌ፣ አረፋው በአገጬ ሲወርድ ንጽሕና ማለት ይኼ ነው ብዬ እተፋለሁ። አረፋው ውስጥ ደም ካየሁ ደግሞ ደስ ይለኛል። ዛሬ በደንብ ተፈትጓል ማለት ነዋ። ሌላው ሰው ሥራውን በላብ ይለካል፣ እኔ በደም።

ማታስ? ማታማ ጥርስም ይተኛል።

በዚህ ዓይነት ጥበብ ጎልማሳነቴን አጋመስኩ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሐምሌ ላይ፣ ከውጭ ዝናቡ ሲወርድ፣ ቢሮ ውስጥ የተጠበሰ በቆሎ ይዘን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንግጥ በግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋዬ ነቅነቅ አለ። ማኘኬን አቆምኩ። በምላሴ ገፋ አደረግኩት፤ እሱም በትሕትና ፈቀቅ አለልኝ። በቆሎው ደረቅ ነው ብዬ ሳማርር ባልደረቦቼ ተያዩ። በቆሎው እሸት ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኔን ያስደነገጠኝ ጥርሱ አልነበረም፣ ወንበሩ ነው። የትኛው ወንበር እንደሆነ ላስረዳችሁ።

በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ ቤተሰባችን በሙሉ ቤሌ ከተማ፣ አጎቴ ቤት ይሰበሰባል። ሰንጋው ይታረዳል፤ ሥጋው ኮባ ላይ ይዘረጋል፤ ወንዶቹ ቢላችንን ይዘን እንከበዋለን። ዳጣው በየፊታችን ይቀመጣል። ዳጣ ለማታውቁ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተማክረው ሰውን ለማስለቀስ የተስማሙበት ነገር ነው። እንግዲህ ያ ክብ የሰው ቦታ ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ምድጃው አጠገብ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ የሚቀመጡት ጥሬ ማኘክ የማይችሉት ናቸው። ቅቅል በሳህን ይመጣላቸዋል፣ መረቁ ይቀዘቅዝላቸዋል።

ወደዚያ ወንበር ማንም ሂድ አይልህም። አንድ ዓመት ላይ ሥጋው ፊትህ ሲደርስ ስታመነታ ያዩሃል። ከዚያ አንዱ ክንድህን ይይዝና በክብር፣ እንደ ጳጳስ እየደገፈ፣ ወስዶ ያስቀምጥሃል። የሚገለው ክብሩ ነው።

አጎቴ በዘመናቸው የዚያ ክብ አለቃ ነበሩ። ከሻኛው እስከ ጎድኑ ጥርሳቸውን የሚመልስ አልነበረም። አሁን አንድ ጥርስ ቀርቷቸው ወንበሩ ጫፍ ላይ ትራስ ተደርጎላቸው ይቀመጣሉ፣ ጡረታ እንደወጣ ጄኔራል። ዘመድ ሁሉ ደግሞ እኔን ሲያይ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ግንባርህ የእሳቸው፣ ድምፅህ የእሳቸው፣ አሳሳቅህ የእሳቸው። እስከ አምና ድረስ ይኼ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር። አምና እሳቸው ራሳቸው ከወንበሩ ሆነው ጠሩኝና፣ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ መታ መታ እያደረጉ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ቦታህን እያሞቅኩልህ ነው" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ያኔ ጥርሴ አልተነቃነቀማ።

በማግስቱ ጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ከሰሜን ተመድባ የመጣች፣ ዕድሜዋ ልጄ የሚያደርጋት ወጣት ናት። እኔ ዶክተር እላታለሁ፣ እሷ ጋሼ ትለኛለች፤ አፌን ከፍታ ካየች በኋላ ግን አነጋገሯ ወደ አባባ ሊያዘነብል ምንም አልቀረውም። ትንሽዋን መስታወት አስገብታ ብዙ ቆየች። የጓዳ ሠራተኞቼ ለዓመታት የደበቁትን ሁሉ እየነገሯት መሆኑ ገባኝ።

ጥርሱ ጤነኛ እንደሆነ ነገረችኝ። የታመመው የያዘው ድድ ነው። ሥሩ ላይ የተከማቸው ቆሻሻ ድንጋይ ሆኗል፤ ጠንካራው ብሩሼ ደግሞ ድዱን እየላጠ ሲያሸሸው ኖሯል። ማለትም እኔ በየጠዋቱ ጽዳት የመሰለኝ ማፈናቀል ነበር። ድንጋዩን በማሽን አነሳችልኝ። ድምፁ የሶዶ ብሎኬት ማምረቻ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ፍርዱን ሰጠች።

"ከጊፋታ በፊት ባለው ሳምንት ይመለሱና አየዋለሁ። ድድዎ መድማቱን ካቆመ ጥርሱ ይጠብቃል፣ ይቆያል። ካላቆመ ግን እሱንም ጎረቤቱንም መንቀል ነው።"

ከጊፋታ በፊት ባለው ሳምንት። አጎቴ ደውለውላት ቀኑን የመረጡላት ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ትምህርት ተጀመረ። የፕላስቲክ መንጋጋ አውጥታ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አስቀመጠችኝ። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ጥርሱ ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጋደም ብሎ፣ ፀጉሩ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ጋ ይረፍ። ፍትጊያ የለም፣ ትንንሽ ክብ እየሠሩ ማባበል ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ። ከውጭም ከውስጥም፣ ከኋላ ጀምሮ፤ ምላስም እንዳይረሳ። ሲጨርሱ መትፋት እንጂ አፍን በውሃ ማጥለቅለቅ አያስፈልግም፣ የሳሙናው መድኃኒት ይታጠባል። ጠዋትና ማታ፣ ከሁለቱ አንዱ ይቅር ከተባለ ደግሞ የሚቀረው የማታው አይደለም። እና ማታ ማታ፣ ከብሩሹ በፊት፣ በየጥርሱ መሀል ክር ማስገባት። ብሩሽ መሀል አይገባም፣ ቆሻሻው የሚያድረው እዚያ ነው።

"ክሩ መጀመሪያ ያደማዎታል። አይፍሩ፣ እንዳያቆሙም። አንድ ሁለት ሳምንት ሲሆን ደሙ ይጠፋል። ካልጠፋ..." አለችና ዓይኗን ወደ ጉጠቱ መለስ አደረገች። ሐኪም አነስተኛ ቃል ሲጠቀም ደስ ይላል።

ማታ ማታ እንደምረሳ አስቀድሜ ነገርኳት። ስልኬን ቻርጅ ሳላደርግ እተኛ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን በወጣኝ አልኩ። እንግዲያው ብሩሹን ቻርጀሩ አጠገብ ያስቀምጡት አለችኝ፤ ስልኩ ሲሰካ አፉ ይጸዳል።

ለስላሳ ብሩሽ በቀላሉ ተገኘ። ክር ግን ጉድ አመጣ። የመጀመሪያው ፋርማሲ የጥርስ ክር ስለው ጥርሴ ተሰፍቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ለቁስል መስፊያ ከነመርፌው አወጣልኝ። ሦስተኛው አዲስ አበባ ዘመድ እንዳለኝ ጠየቀ። እንዲህ ስዞር መሽቶብኝ ወደ ቤት ስመለስ በሰፈራችን ልብስ ሰፊ በር ሳልፍ ማሽኑ ይንጣጣል። ወቅቱ ነው፤ ከተማው ሁሉ ለጊፋታ ዱንጉዛ ያሰፋል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ዥንጉርጉር ልብስ በየግድግዳው ተሰቅሏል። እኔም ታዲያ ክር ክር ነው አልኩ። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ መፍትሔ አያጣም።

ልብስ ሰፊው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ቁልፍ ተበጥሶብኝ ነው አልኩት። ነጭ እንዳለው ጠየቅኩ። በዚህ ወር ማን ነጭ ይሰፋል ብሎ ሦስቱን ጥቅል ፊቴ ደረደረ። አሰብኩ። ጥቁሩን አፌ ውስጥ ካስገባሁት ለቅሶ የገባሁ እመስላለሁ። ቢጫው ከጥርሴ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል የት እንደደረሰ ላጣው እችላለሁ። ቀዩ ግን ትልቅ ጥቅም ነበረው፦ ደሙን አያሳይም። ባለቤቴ እንዳትደነግጥ ነው ለራሴ ያልኩት። ባለቤቴ በሬ ሲታረድ ቆማ የምታዝ ሴት ናት፤ የሚደነግጠው ማን እንደሆነ እናንተ ድረሱበት። ቀዩን ገዛሁ።

እና ተጀመረ። ማታ እራት እንደበላሁ ስልኬን እሰካለሁ፣ ክሬን እበጥሳለሁ፣ ሁለቱ ጣቶቼ ላይ እጠመጥማለሁ፣ መስታወት ፊት ቆሜ አፌን እንደ ጉማሬ እከፍታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጣቴ ከጥርሴ በላይ ደማ። ክሩ የጥርሱን ጎን አቅፎ ከድዱ ሥር ወደ ላይ ነው መምጣት ያለበት፤ እኔ ግን በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቋ አድርጌ አስገባና እጮሃለሁ። ከዚያ ብሩሹ፣ ማባበሉ። ሁለት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስብሰባ ረዘመ ብሎ አያማርር።

ሰበብ በበኩሉ ሥራ አልፈታም። መብራት በጠፋ ቀን ቻርጀሩ ስለማይሠራ ብሩሹም የማይሠራ መሰለኝ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ጀሪካኑ ለነገ ይቆይ ብዬ ለቤተሰቡ አሰብኩ። ባለቤቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ በጨለማው እጄ ላይ አኖረችው። ከሁሉ የከፋው ግን እንግዳ ነው። አንዴ አፌን አጽድቼ ጎረቤት ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅሎ ይዞ ከች ይላል። በእኛ አገር የቀረበልህን አልበላም ማለት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ጥርሴን ቦርሻለሁ ብል፣ ታዲያ ጥርስ የሚታጠበው ለመብላት አይደል ወይ አለኝ። በልቼ እንደገና ቦረሽኩ። ከዚያ በኋላ ያለኝ ብቸኛ መፍትሔ እንግዳው እስኪሄድ አለመቦረሽ ነበር፤ እንግዳው ደግሞ ዜናውን ጨርሶ፣ አየሩን ተንትኖ ነው የሚሄደው።

ቢሆንም ልማዱ ቀስ በቀስ ያዘኝ። አንድ ቀን ስልኬ ሙሉ ቻርጅ እያለው እጄ በራሱ ወደ ብሩሹ ሄደ። ጠዋት ስነሳ አፌ ውስጥ የነበረው ያ የአሮጌ ሳንቲም ጣዕም ጠፋ። ጥርሱን በምላሴ ስገፋው እንደ ድሮው ፈቀቅ አይልም፣ ትንሽ መኮሳተር ጀምሯል። ባለቤቴም አንድ ጠዋት፣ ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ መተኛት ትችላለህ አለችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚህ ያለ ግብዣ ደርሶኝ አያውቅም።

ግን ደሙ አልቆመም።

ጠዋት ስቦርሽ የምተፋው ነጭ ነው። ማታ ክሩን ካስገባሁ በኋላ ስተፋ ቀይ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ፣ ነሐሴ አልቆ ጳጉሜ ገባ፣ የማታው ምራቄ እንደ ጽጌረዳ ነው። ጠዋት የማይደማ ድድ ማታ ለምን እንደሚደማ አሰብኩበትና መልሱን አገኘሁት፦ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ይደክመው የለ፣ ድድም እንደዚያው ነው። በዚህ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ዞኑ ደመወዝ የሚከፍለኝ።

መስከረም ሲጠባ ተስፋ ቆረጥኩ። ጥርሱ የጠበቀው ለመሰናበት ነው ብዬ አሰብኩ፤ በሽተኛ ሊሞት ሲል ሻል እንደሚለው። ቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ እሑድ፣ ለምሳ ቅቅል እንድትሠራልኝ ባለቤቴን ጠየቅኳት። እኔ ቅቅል ስጠይቅ ሰምታ ስለማታውቅ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች። ልለማመድ ነው አልኳት። ወንበሩን፣ ጉጠቱን፣ የማይቆመውን ደም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አጎቴ ቦታውን ሰፋ እንዲያደርጉልኝ ልደውል እንደነበርም ነገርኳት።

አልሳቀችም። ያ ራሱ አስፈራኝ። የምጠቀምበትን ክር እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከቻርጀሩ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ጫፉን በምራቋ አርሳ በሶፍት ጠቅልላ ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። ሶፍቱን ስትዘረጋው መሀሉ ላይ ቀይ መስመር ተጋድሟል።

"አምና ያን ነጭ ሸሚዝህን ከዱንጉዛው ጋር ዘፍዝፈህ ምን እንደሆነ ረሳኸው?" አለችኝ።

አልረሳሁትም። ሸሚዙ እስከ ዛሬ ሮዝ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ የሚደማው ክርህ ነው። ድድህማ ከዳነ ቆይቷል።"

ደሜን ላለማየት የገዛሁት ክር፣ ደሜ ካቆመ በኋላ ለእኔ ሲደማልኝ ከረመ። ከእሱ የበለጠ ታማኝ ጓደኛ አላየሁም። ባለቤቴ ለብርድ ልብስ መስፊያ ያስቀመጠችውን ነጭ ክር አመጣችና በጠራራ ፀሐይ፣ ቅቅሉ ገና ሳይጣድ፣ እፊቷ ቆሜ በየጥርሴ መሀል እንዳስገባ አዘዘች። አስገባሁ። ነጭ ገባ፣ ነጭ ወጣ። በሌላው በኩል ሞከርኩ። ነጭ። ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። ወጥ ቤት ገብታም ስትስቅ ይሰማኛል። ደሙን ለመደበቅ ቀይ ክር የሚገዛ ሰው እያለች ከድስቱ ጋር ታወራለች። ለልብስ ሰፊው እስክትነግረው ምሽቱን መጠበቅ አልቻለችም።

ቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ አፌን ከፍታ ስታይ ቅንድቧ ተነሳ። ድዴ እንደያዘ፣ ጥርሱ እንደጠበቀ ነገረችኝ፤ ብዙ ሰው እንደማይመለስ፣ የሚመለሰውም ቦርሻለሁ ብሎ የሚዋሽ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ በኩራት ልነፋ ስል ወስፌ በመሰለ መሣሪያ ከመንጋጋዬ መሀል አንድ ቀይ ቃጫ ነገር መዝዛ አወጣችና ብርሃን ላይ አነሳችው። ምንድነው ይኼ ጋሼ አለች። የባህል ልብስ ነው አልኳት። ታሪኩን ስትሰማ መሣሪያዋን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ስትመለስ ግን ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ የልብስ ክር ድድ እንደሚቆርጥ፣ ቃጫውም መሀል ላይ እንደሚቀር አስጠነቀቀችኝና ከመሳቢያዋ በትንሽ ሳጥን እውነተኛውን የጥርስ ክር ሰጠችኝ። ጥሬ ሥጋስ ብዬ በፍርሃት ጠየቅኩ። በቀኝ በኩል፣ ቀጭን ቀጭን እየቆረጡ፣ ሲጨርሱም ማጽዳት አለች። ዳጣውን በተመለከተ ሕክምና መልስ እንደሌለው ነገረችኝ።

ጊፋታ ደረሰ፣ ቤሌ ወረድን። ኮባው ተነጠፈ፣ ክቡ ተሞላ። ሥጋው ፊቴ ሲደርስ ወሬው ሁሉ ቀዝቀዝ አለ፤ የጥርሴ ጉዳይ ከእኔ ቀድሞ በሚኒባስ ደርሶ ነበርና። አጎቴ ከወንበሩ ጫፍ ሆነው ያዩኛል፣ ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ትራስ ሳይቀር ተጨምሮበታል።

ከሻኛው ቀጠን አድርጌ ቆረጥኩ። ድሮ በአንድ ጉርሻ የምውጠውን ለሦስት ከፈልኩ። ዳጣ ነካ አድርጌ በቀኝ በኩል አስገባሁና ማኘክ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። በግራ በኩል መንጋጋዬ ሥራ እንዳልተጠራ ዘበኛ ቆሞ ያዳምጣል። ዋጥኩ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ተሳስቼ ወደ ግራ ሄደብኝ። ቀጥ አልኩ። ምንም የለም። ጥርሱ ሥጋውን ይዞ አኘከው፣ እንደ ድሮው፣ እንዲያውም ትንሽ ተኮሳትሮ። ክንዴን የሚይዝ ሰው አልመጣም።

ሲጠገብ ሰው ሁሉ ወደ ጥርሱ መሀል ዞረ። አንዱ በስቴኪኒ፣ አንዱ በስንጥር፣ አንዱ የአጎቴ ልጅ ደግሞ በቢላው ጫፍ፣ ምን አለበት። እኔ ሳጥኔን ከኪሴ አወጣሁ። ክሩን ስስበው ጢር የሚል ድምፅ አሰማ፣ ሁሉም ዞር አለ። ምን ልትሰፋ ነው አለኝ ባለቢላው። አፌ ተከፍቶ ስለነበር አልመለስኩለትም፤ ክቡ ሁሉ ሳቀ።

አጎቴ ግን አልሳቁም። ወደ ወንበሩ ጠሩኝ። ሄድኩ፣ ቆሜ ነው የሄድኩት፣ አልተቀመጥኩም። እጃቸውን ዘረጉ።

"ለእኔም በጥስልኝ።"

"አጎቴ፣ ያለችዎት አንድ ጥርስ ናት። በምንና በምን መሀል ሊያስገቡት ነው?"

"ብቻዋን ስለቀረች ነው የምትንቃት?"

በጠስኩላቸው። ጣቴ ላይ እንዴት እንደምጠመጥመው አሳየኋቸው። ቀስ ብለው በአንዱ ጎኗ ከሥር ወደ ላይ፣ ከዚያ በሌላው ጎኗ፣ አንድ ልጇን እንደምታጥብ እናት ዞሯት። እኔ አንድ ወር የፈጀብኝን ማባበል እሳቸው ወዲያው ያዙት። ሲጨርሱ ክሩን ወደ በሩ ብርሃን አንስተው አዩት። ነጭ ነበር።

ከዚያ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ፣ የተጨመረውን ትራስ፣ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ዓይናቸውን ከእኔ አሳልፈው በክቡ ዙሪያ አንድ በአንድ አዞሩት፤ በቢላው ጫፍ መንጋጋውን የሚጎረጉረው ልጃቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ና እስቲ፣ ልጄ" አሉት፤ "ቦታው እንዳይቀዘቅዝ።"